ለኤሊ ወጥመድ የሚሆን ዓሣ፦ ከማጥመድ እስከ ማንጠልጠል

የመጀመሪያ ሰመሬ ነበር። ሚሲሲፒ ወንዝ ሚኒሶታንና ዊስኮንሲንን በሚለይበት አካባቢ፣ ኤሊ ከሚቆጥር አንድ ቡድን ጋር የወቅት ሥራ አገኘሁ። ሲያዩት ቀላል ነው። ወጥመድ ይዘረጋል፤ ኤሊ ይገባል፤ ይመዘናል፣ ይለካል፣ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ወደ ውሃው ይመለሳል። እናቴ በስልክ ስትሰማ፣ "ልጄ፣ ኤሊ ልትይዝ ነው ባሕር የተሻገርከው?" አለችኝ። ምን እላታለሁ? ሳቅኩ።

የእኔ ድርሻ ማባበያው ነበር። ማባበያ የምለው ኤሊውን ወደ ወጥመዱ የሚጠራውን ምግብ ነው፤ እኛ ጋ ዓሣ። ኤሊ ጥንብ ይወዳል ሲባል ሰምቻለሁ። እናም ሦስት ካርፕ ባልዲ ውስጥ ከድኜ አራት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩ። ጀልባ ላይ ክዳኑን ስከፍት የሆነውን አልተርከውም። ብቻ አንዷ ባልደረባዬ ቁርሷን ለሚሲሲፒ አስረከበች። በማግስቱ ሦስቱ ወጥመዶቼ ውስጥ የተገኘው ሁለት ክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል የወንዝ ፍጥረት) እና ቡልሄድ የሚሉት አንድ የተናደደ ዓሣ ነው። ሃምሳ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በዚያው ዕለት ጠዋት የተያዘ ሻድ የተባለ ዓሣ የተንጠለጠለበት ወጥመድ ውስጥ ግን አራት ኤሊ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓሣ ቆርጫለሁ። የደረስኩበት ነገር አጭር ነው፦ ኤሊን የሚጠራው ግማት አይደለም፤ ደምና ቅባት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ደምና ቅባት ሳይባክን ወጥመዱ ውስጥ የማድረስ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

አሜሪካ ውስጥ የኤሊ ሕግ እንደየግዛቱ ይለያያል። ወንዙን ተሻግራችሁ ማዶ ስትደርሱ ሕጉ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለጥናት ከሆነ የጥናት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለራስ ከሆነም የትኛው ኤሊ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት፣ በምን ዓይነት ወጥመድ የሚለውን የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ካወጣው ደንብ ላይ አንብቡ። የአምናውን ደንብ ይዛችሁ አትውጡ፤ ይቀየራል።

ጥብቅ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ አልጎንኩዊን ፓርክ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ ስናፒንግ የተባሉት ትልልቅ ተናካሽ ኤሊዎች ሲጠኑ ኖረዋል (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ አንዲት ሴት ኤሊ እንቁላል ለመጣል ከ15 ዓመት በላይ ትጠብቃለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኦተር የተባሉ ውሃ ውስጥ የሚያድኑ አውሬዎች ብዙ ትልልቅ ኤሊ ገደሉ። ከ20 ዓመት በኋላም ቁጥሩ አላገገመም። ስለዚህ በስህተት ውሃ ውስጥ ታፍኖ የሞተ አንድ ትልቅ ኤሊ ቀላል ነገር አይደለም።

ማባበያውም የራሱ ሕግ አለው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ሚኒሶታም ዊስኮንሲንም ከ16 ዓመት ጀምሮ ይጠይቃሉ። እንደ ባስና ዎልአይ ያሉ ለስፖርትና ለገበታ የሚፈለጉ ዓሦች በብዙ ቦታ ለማባበያ አይፈቀዱም። የሚወረወር መረብም አንዱ ጋ ሲፈቀድ ሌላው ጋ ክልክል ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዓሣን በሕይወቱ ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ አታዛውሩ። በ2005 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ዓሣን ከውስጥ እያደማ የሚገድል ቫይረስ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ማባበያ በባልዲ ይዞ ከሐይቅ ሐይቅ መዞር ቁጥጥር በዛበት። እኔ የምከተለው ዘዴ ቀላል ነው። ወጥመዱ ከሚዘረጋበት ውሃ አጠምዳለሁ፤ እዚያው ውሃ ላይ እጠቀማለሁ። ከሕግ ጋርም አያጣላም፣ ኤሊውም የሚያውቀው ምግብ ነው።

ኤሊው በምን ያሸታል?

ስናፒንግ ኤሊን ጥርት ባለ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ካገኛችሁት ጉሮሮውን ተመልከቱ። ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። አየር እየሳበ አይደለም፤ ለአየር ወደ ላይ ይወጣል። ውሃውን በአፍንጫው እያስገባ እያሸተተ ነው።

ስለዚህ ሽታው ውሃ ውስጥ መሟሟት አለበት። ትኩስ ዓሣ ሲቆረጥ ደሙና የሥጋው ፈሳሽ ወዲያው ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። ቅባቱ ደግሞ ቀስ እያለ ለሰዓታት ይወጣል። የበሰበሰው ዓሣ ይህን ሁሉ ባልዲው ውስጥ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ለእኛ የሚከረፋን በአየር የሚተነው ነው፤ ኤሊው ያለው ታች ነው።

በአካባቢው ዕድሜ ልካቸውን ያጠመዱ አንድ ሽማግሌ የእኔን ባልዲ ታሪክ ሲሰሙ አልሳቁም። ኤሊ ከቸገረው ያንን ይበላል አሉኝ፤ ትኩስ እያለለት ግን ለምን ብሎ?

የውሃውን ሙቀትም አትርሱ። ኤሊ ሰውነቱ የሚሞቀው ከውጭ ነው። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ምርጥ ዓሣ ብታንጠለጥሉለትም ዞር ብሎ ላያይ ይችላል። እኛ አካባቢ ሥራው የሚሞቀው ከግንቦት ማብቂያ እስከ መስከረም መግቢያ ነው።

የትኛው ዓሣ ይሻላል?

ምርጫ ከተሰጠኝ ሻድ። ሙሉ ስሙ ጊዛርድ ሻድ ነው። ብርማ፣ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ነው። የጀርባ ክንፉ መጨረሻ ላይ እንደ ክር የረዘመ ነገር አለው። ሆዱን በጣታችሁ ከኋላ ወደ ፊት ብትዳብሱት እንደ መጋዝ ይቧጥጣል። ሰው አይበላውም፤ ሥጋው ልፍስፍስ፣ አጥንቱ ብዙ ነው። ለኤሊ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። በቢላ ስትነኩት ቅባቱ ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል።

አንድ ችግር አለው። ትንንሽ ሻድና የሲልቨር ካርፕ ጫጩት ይመሳሰላሉ። ሲልቨር ካርፕ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከውሃ እየዘለለ ሰው የሚመታው፣ መጤውና ጎጂው ዓሣ ነው። በ2007 በፌዴራል ሕግ ጎጂ ከተባሉት እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ቢግሄድ ካርፕ የተባለው ዘመዱም በ2011 ተጨመረ። ለመለየት ዓይኑን እዩ። የእነዚህ ዓይን ከፊታቸው መሀል ዝቅ ብሎ፣ ወደ አገጭ ቀርቦ ነው የተተከለው፤ ዓሣው የተገለበጠ ያስመስለዋል። ሻድ ደግሞ ትንሽ ሳለ ከስንጥቡ (ከሚተነፍስበት) ኋላ ጥቁር ነጥብ አለው። ከተጠራጠራችሁ በሕይወቱ የትም አትውሰዱት።

ሁለተኛው ካርፕ ነው፤ ተራው ካርፕ። በ1870ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት የዓሣ ኮሚሽን ለምግብ ብሎ ከአውሮፓ አስመጥቶ አከፋፈለው። አሁን ጭቃ እያመሰ ውሃ ያደፈርሳል ተብሎ ይጠላል። እኛ አገር ቆቃና ዝዋይ ላይ ገበያ የሚወጣው እሱው ነው። እዚህ ለማባበያ ብትይዙት የሚቆጫችሁ የለም። ትልቅ ነው፣ ደሙ ብዙ ነው፣ አንዱ ለብዙ ወጥመድ ይደርሳል።

ቡልሄድ የአምባዛ ወገን ነው። ጢም አለው፣ ቅርፊት የለውም። "ክንፍና ቅርፊት ያለው" የሚለውን ቃል ይዞ አምባዛ የማይበላ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው መጀመሪያ ሲነካው ይከብደዋል፤ እኔንም ከብዶኝ ነበር። ቅባቱ ከሻድ ያንሳል። ቆዳው ግን ጠንካራ ስለሆነ ወጥመድ ውስጥ ሳይፈርስ ሁለት ቀን ይቆያል። ትንንሽ ዓሣና ክሬይፊሽ ማባበያ በሚሰርቁበት ቦታ እሱን እመርጣለሁ።

ሰከር በጸደይ ወደ ትንንሽ ጅረቶች ሲወጣ በብዛት ይገኛል። አፉ ወደ ታች የዞረ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ወቅቱ ያልፋል። ድረም ከያዛችሁ ተጠቀሙበት፤ ቅባቱ መካከለኛ ነው። ስትይዙት ያጉረመርማል፤ ከበሮ የሚል ስም የወጣለት ለዚያ ነው። ጭንቅላቱን ስትሰነጥቁ ሁለት ነጭ፣ እንደ ዝሆን ጥርስ የሚያበሩ የጆሮ ድንጋዮች ታገኛላችሁ። ልጅ ካላችሁ አምጡለት።

የቆርቆሮ ሳርዲንም አለ። ተማሪ ሆኖ ሳርዲን በዳቦ ያልበላ ማን አለ? ኤሊም ይወደዋል። አጥኚዎች የሚወዱበት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ቆርቆሮው የትም ቢሆን ያው ነው። እዚህ ሐይቅ ላይ ሻድ፣ እዚያኛው ላይ ካርፕ ካንጠለጠላችሁ፣ የኤሊው ቁጥር ሲለያይ ሐይቁ ይሁን ዓሣው አታውቁም። በአንድ ዓይነት ሳርዲን ይህ ጥያቄ ይቀራል። ቆርቆሮውን አትክፈቱ፤ በምስማር ስምንት ዘጠኝ ቦታ ብሱትና እንዳለ አንጠልጥሉት። በዘይት የተዘፈቀውን ግዙ፤ የቲማቲሙን ለዳቦው ተዉት።

የማልነካው ምን አለ? ከሱቅ የተገዛ ነጭ የዓሣ ፊሌቶ። ደምም ቅባትም የለው፤ ውድ ነው። ዳር ላይ ሞቶ የተገኘ ዓሣም አልነካም። በምን እንደሞተ አይታወቅም። በሽታም መርዝም ሊሆን ይችላል፤ ያንን ወስዶ ለኤሊ መስጠት ነውር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁት ማፕ ኤሊዎች ወጥመዳችሁ ውስጥ ካልገቡ ዓሣው ላይ አትፍረዱ። ማባበያ ብዙም አይጠራቸውም። ሴቶቹ ዛጎል ይሰብራሉ፣ ወንዶቹ ነፍሳት ይለቅማሉ። በዓሣ የሚመጡት ስናፒንግ፣ ፔይንትድና ጀርባቸው እንደ ቆዳ የለሰለሰው ሶፍትሼል ናቸው።

ዓሣውን መያዝ

ካርፕን በመንጠቆ ነው የምይዘው። ሊጡን ቤት እሠራለሁ። አንድ ስኒ የበቆሎ ዱቄት፣ ግማሽ ስኒ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ማንኪያ ስኳር። ውሃ አፍልቼ ልክ እንደ ገንፎ አገነፋዋለሁ። ጠንከር ይበል። ማማሰያው ቆሞ መቅረት አለበት። ሲቀዘቅዝ በእጄ አሽቼ በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ። ጓደኛዬ ይህን ሲያይ "አንተ፣ ቅቤና በርበሬው የታለ?" ይለኛል።

ቦታው ውሃው የማይሮጥበት፣ ጭቃማ፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ የሚደርስ ይሁን። ጠዋት ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂዱ። ውሃው ላይ ትንንሽ አረፋ ከታች ሲወጣ ካያችሁ ካርፕ ጭቃውን እየቆፈረ ነው። በመጀመሪያ አንድ እፍኝ የቆርቆሮ በቆሎ በትኑ፤ ደንቡ ከፈቀደ። ከዚያ ከሊጡ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቆንጥራችሁ መንጠቆው ላይ አድቦልቡሉ። ሹሉ ጫፍ ትንሽ ብቅ ይበል። ክብደት ያለው ነገር ክሩ ላይ አድርጋችሁ ታች አስቀምጡት።

አሁን ትዕግሥት ነው። ካርፕ ምግብ በአፉ ስቦ ያስገባል፣ ይተፋል፣ እንደገና ይስባል። ክሩ ነካ ነካ ሲል አትጎትቱ። ክሩ ተወጥሮ መሄድ ሲጀምር ያኔ ሳቡ። እና ዘንጉን መሬት ላይ ጥላችሁ ቡና ለመቅዳት አትሂዱ። እኔ ሄጄ ነበር። ስመለስ ዘንጌ በወንዙ መሀል እንደ ጀልባ እየተጓዘ ነበር።

ቡልሄድ የማታ ሥራ ነው። የምድር ትል፣ ረዘም ያለ እጀታ ያለው መንጠቆ፣ የራስ መብራት፤ በቃ። ስትይዙት ተጠንቀቁ። አንድ ሹል እሾህ ከጀርባ፣ ሁለት ከጎንና ከጎን አለው። ሲፈራ ገትሮ ይቆልፋቸዋል። ከፊት ወደ ኋላ እጃችሁን አንሸራትታችሁ አትያዙ። መዳፋችሁን ከሆዱ በኩል አስገቡ፣ ጣቶቻችሁ ከጎን እሾሆቹ ኋላ ይረፉ። ከወጋችሁ ለደቂቃዎች ያቃጥላል፤ ቶሎ ታጠቡት።

ሻድ መንጠቆ አይዝም፤ የሚበላው ደቃቅ ነገር ነው። በተፈቀደበት ቦታ በሚወረወር መረብ ወይም እጀታ ባለው መረብ ከግድብ ሥር ወይም ከወደብ ጥግ ይያዛል። የመረቡ ዓይን ሰፊ ከሆነ ስንጥባቸው ላይ ተሰክተው ማውጣት ጣጣ ነው። ባልዲ ውስጥ በሕይወት ለማቆየት አትድከሙ። ቶሎ ይሞታል። በቀጥታ በረዶ ላይ።

የያዛችሁትን መምረጥ

ሁሉም ዓሣ እኩል አይደለም። ስንጥቡን ገልጡ። ቀይ ደማቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ዓይኑ ያልጎደጎደና ጥርት ያለ ይሁን። ሆዱን ጫን ስትሉት ይመለስ። ገበያ ዓሣ የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለኤሊ ሲሆን ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም።

ቁስል፣ ደም የቋጠረ ቆዳ ወይም ዓይኑ የፈጠጠ ዓሣ ካያችሁ ለማባበያ አታድርጉት። የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። በዛ ያለ ካያችሁ ለተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ደውሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማጠብቀው ግን መንጠቆ ነው። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ሁሉ አፉና ጉሮሮው ይፈተሻል፤ ጥልቅ ከዋጠው ጭንቅላቱንና ጨጓራውን እሰነጥቃለሁ። የእናንተ ባይሆን እንኳ ሌላ ሰው በጥሶ የተወው ሊኖር ይችላል። አንድ ቀን ሦስት ኪሎ ከማይሞላ ካርፕ ውስጥ የእኔን ጨምሮ ሦስት መንጠቆ አውጥቻለሁ። ኤሊ ሥጋ አያኝክም። ይቦጭቃል፣ ይውጣል። መንጠቆውንም አብሮ።

አቆራረጥ

ዓሣውን መጀመሪያ በዱላ ጭንቅላቱ ላይ አንድ ጊዜ ደህና አድርጋችሁ መትታችሁ ግደሉት። አየር እያጠረው አያጣጥር።

አሁን የለመዳችሁትን የወጥ ቤት ወግ እርሱት። ዶሮ ለወጥ ሲሰናዳ ይገፈፋል፣ በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ይታጠባል፣ 12 ብልት ይወጣዋል። ይህ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አታጥቡት። ቅርፊቱን አትፋቁት። ሆድ ዕቃውን አትጣሉት፤ ጉበቱና በአንጀቱ ዙሪያ ያለው ቢጫ ስብ ዋናው ሀብት ነው።

ካርፑን በጎኑ አስተኙት። ከስንጥቡ ኋላ ጀምራችሁ፣ አጥንቱንም ጨምራችሁ፣ አራት አምስት ሴንቲሜትር እየሆነ በአግድም ቁረጡ። አጥንቱ ላይ ቢላው ሲቆም የቢላውን ጀርባ በእንጨት መታ አድርጉት። ሦስት ኪሎ ካርፕ ስምንት ያህል ብልት ይወጣዋል። ሆድ ዕቃው ለብቻው አይቀመጥ፤ ለየብልቱ ትንሽ ትንሽ አከፋፍሉት። ጭንቅላቱን ከአፉ ወደ ኋላ ለሁለት ክፈሉት። ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ እኔ ግን ለትልቅ ስናፒንግ ከጭንቅላት የተሻለ አላየሁም። ደምና ስብ የያዘ ጎድጓዳ አጥንት ነው፤ ቀስ እያለ ይለቃል።

ሻድ ከመዳፍ ካነሰ አይቆረጥም። ጎኑን ሦስት ቦታ ብቻ ሰንጠቅ አድርጉት። ትልቁን ለሁለት።

ደሙ ከመክተፊያው ላይ አይፍሰስ። እኔ የምቆርጠው ጎድጓዳ ትሪ ላይ ነው። የተጠራቀመውን ደም እንደገና ሥጋው ላይ አፈሰዋለሁ።

ማቆየት

ለነገ ከሆነ በረዶ ሳጥን ይበቃል። ዓሣው በቀለጠ በረዶ ውሃ ውስጥ እንዳይዋኝ በላስቲክ አስገቡት፤ አለዚያ ደሙን ለሳጥኑ ትገብራላችሁ።

ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር። አንድ ላስቲክ ለአንድ ወጥመድ፤ በጅምላ ካቀዘቀዛችሁት ጠዋት በመዶሻ ትፈልጡታላችሁ። ቀኑን ጻፉበት። የቀዘቀዘ ዓሣ ሲሟሟ ፈሳሹን በደንብ ስለሚለቅ እንዲያውም አይከፋም። ግን ወራት አታስቀምጡት፤ ቅባቱ ይበላሻል። እና የቤት ፍሪዘር ከሆነ ባለቤታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ሽንኩርት መስሏት የፈታችው ላስቲክ ምን ያህል ጣጣ እንዳመጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጨው የመጨረሻ አማራጭ ነው። ዓሣውን ያቆየዋል፤ ግን እኛ የምንፈልገውን ፈሳሽ አስቀድሞ ይመጠዋል።

ማንጠልጠል

ዓሣውን እንዲሁ ወጥመዱ ውስጥ ብትጥሉት የመጀመሪያው ኤሊ በልቶ ይጨርሰዋል፤ ለሁለተኛው የሚጠራው አይኖርም። ስለዚህ ዕቃ ያስፈልጋል። ሰፊ አፍ ያለው የኦቾሎኒ ቅቤ ፕላስቲክ ማሰሮ ጥሩ ነው። በጋለ ምስማር ሠላሳ ያህል ቀዳዳ ብሱት፤ እያንዳንዱ የእርሳስ ውፍረት ይበቃዋል። ክዳኑን በደንብ አጥብቁ። ስናፒንግ ሲነክሰው እንዳይፈነዳ ወፈር ያለውን ምረጡ። ለቡልሄድ ወይም ለጭንቅላት ደግሞ ጠንካራ የመረብ ከረጢት ይሆናል።

የምንጠቀመው ወጥመድ በቀለበት የተወጠረ መረብ ነው። አፉ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ጉሮሮ አለው። አፉን ውሃው ወደሚሄድበት አዙሩት። ሽታው ከወጥመዱ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኤሊው ሽታውን ተከትሎ ሽቅብ ሲመጣ ቀጥታ አፉ ላይ ይደርሳል። ፍሰት በሌለበት ኩሬ ከዳር ጋር ትይዩ አድርጉት።

ማሰሮውን ከጉሮሮው ኋላ፣ ከወጥመዱ መሀል፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አንጠልጥሉት። ጎን ላይ አታስጠጉት። ከጎን ከሆነ ኤሊው ከውጭ ሆኖ መረቡን ይቦጭቃል፤ ሌሊት ደግሞ ራኩን የተባለው አውሬ መጥቶ በእጁ ይጎትተዋል። ራኩን ቋጠሮ ይፈታል ቢሉኝ አምናለሁ።

የወጥመዱ ላይኛው ሲሶ ከውሃ በላይ መሆን አለበት። ኤሊ ሳንባ ነው ያለው። ሁለት ባዶ ሃይላንድ በደንብ ከድናችሁ ውስጡ ግራና ቀኝ እሰሩ፤ ወንዙ ቢሞላ እንኳ ወጥመዱን ያንሳፍፉታል። ጫፉን ከግንድ ጋር እሰሩ። ከባድ ዝናብ ይመጣል ከተባለ ግን ሃይላንድ አያድንም፤ ወጥመዱን አውጡት።

በማግስቱ

ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመለሱ። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እኛ ጠዋትና ማታ ነው የምናየው።

ኤሊ ከገባ እሰየው። ስናፒንግ ከሆነ በጅራቱ አታንጠልጥሉት፤ አከርካሪውን ይጎዳዋል። የጀርባ ጋሻውን ከኋላ እግሮቹ በላይ በሁለት እጅ ያዙ። አንገቱ ከምትገምቱት በላይ ይረዝማል።

ካልገባም ማሰሮውን አንብቡት። ሥጋው ነጭ ሆኖ ሽታው ከጠፋ ደሙ አልቋል፤ ለውጡት። አጥንቱ ብቻ ተግጦ ከቀረ ቀዳዳው ሰፍቶ ትንንሽ ዓሣ ገብቷል። ማሰሮው ላይ የመንጋጋ ምልክት ኖሮ ኤሊው ከሌለ፣ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው፤ ጉሮሮው ላልቷል፣ አጥብቁት። ሁሉም ደህና ሆኖ ሁለት ቀን ባዶ ከሆነ ቦታውን ቀይሩ። አሥር ሜትር ወደ ወደቀ ግንድ መጠጋት ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ማባበያውን በየቀኑ ቀይሩ፤ ቡልሄድ ከሆነ ሁለተኛ ቀን ይቻላል።

የተረፈውን ዓሣ ወደ ሌላ ውሃ አትጣሉ። በላስቲክ አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይይዛል፤ አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጥ የከለከለችው ልጆች እየታመሙ ስለሆነ ነው። ለሽታው ሎሚና ጨው ፍቱን ነው። ያ የዶሮው ወግ የሚያገለግለው እዚህ ነው።

ወጥመዱን ወደ ሌላ ሐይቅ ከመውሰዳችሁ በፊት አረሙን ልቀሙ፣ እጠቡ፣ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁ። አፓርትመንት የምትኖሩ ከሆነ ግን በረንዳ ላይ አትስቀሉት። እኔ ሰቅዬው ነበር። ማታ ሥራ ውዬ ስመለስ የጎረቤቶቼ ድመቶች በሙሉ ከሥሩ ተሰብስበው ጠበቁኝ።